የቀይ ባሕር ኮራል

የቀይ ባሕር ኮራል በአፍሪካና በዐረብ ምድር መካከል በሚገኘው በቀይ ባሕር ጠረፎችና ደሴቶች ዙሪያ የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም ተክል ይመስላል። ነገር ግን ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት ተያይዘው የሚኖሩበት ማኅበር ነው። እያንዳንዱ ፖሊፕ ከባሕሩ ውኃ ካልሲየም እየወሰደ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ይሠራል። ይህ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲደራረብ ሪፍ የሚባለው የባሕር ውስጥ ግንብ ይፈጠራል። በቀይ ባሕር ከ200 በላይ የኮራልና ከ1,000 በላይ የዓሣ ዝርያዎች ይገኛሉ። ከዓሣዎቹም ከአሥር አንዱ በላይ የሚሆነው በሌላ ባሕር አይኖርም።

ጨውና ሙቀት

ቀይ ባሕር ለሕይወት የሚመች አይመስልም። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ አይገባበትም፤ ዝናቡም እጅግ ጥቂት ነው። ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ደግሞ በየዓመቱ ከላዩ 2 ሜትር ያህል ውኃ ያተንናሉ። የጎደለውን የሚሞላው በደቡብ፣ በባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ በኩል ከኤደን ሰላጤ የሚገባው ውኃ ነው። ይህ ውኃ ወደ ሰሜን በተጓዘ ቁጥር እየተነነ ጨዉ ይበዛል፤ በሰሜን ጫፍ በአንድ ኪሎ ግራም ውኃ ውስጥ 40 ግራም ገደማ ጨው ይገኛል። የዓለም ውቅያኖሶች አማካይ 35 ግራም ነው።

የባሕሩ ጥልቅ ክፍልም ያልተለመደ ነው። በሌሎች ውቅያኖሶች 2,000 ሜትር ወደ ታች ሲወረድ ውኃው ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ይቀዘቅዛል። በቀይ ባሕር ግን በዚያው ጥልቀት 21 ዲግሪ ያህል ሙቀት አለው። ምክንያቱ በደቡብ መግቢያው አጠገብ ወለሉ ከፍ ብሎ እንደ ደፍ መቆሙ ነው። በዚያ ቦታ ጥልቀቱ ከ140 ሜትር ስለማይበልጥ የሕንድ ውቅያኖስ ቀዝቃዛ የታች ውኃ ሊገባ አይችልም።

የሰሜኑ ኮራል ጽናት

ከ20,000 ዓመታት በፊት ገደማ፣ በበረዶ ዘመን፣ የዓለም ባሕሮች ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ነበር። ወሽመጡ በጣም ስለጠበበ የቀይ ባሕር ጨው ከ50 ግራም አለፈ፤ ብዙ ሕይወትም ጠፋ። በረዶው ቀልጦ ባሕሩ ሲሞላ የኮራል እጮች ከኤደን ሰላጤ እንደገና ገቡ። ወደ ሰሜን ለመድረስ በበጋ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በሚያልፈው የደቡብ ውኃ ውስጥ ማለፍ ነበረባቸው። የደቡቡን ባሕር እንደ ወንፊት ማሰብ ይቻላል፤ ሙቀት የማይችሉት እዚያው ቀሩ። ያለፉት ዛሬ የሚኖሩት በአቃባ ሰላጤና በአካባቢው፣ ቀዝቀዝ ባለ ውኃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከለመዱት በላይ ብዙ ዲግሪ የመቋቋም ትርፍ አቅም አላቸው። ይህን ሐሳብ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. አቅርበውታል።

ነገሩ ትልቅ የሆነበት ምክንያት አለ። በኮራል ሥጋ ውስጥ አልጌ የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ይኖራሉ፤ ከብርሃን ምግብ ሠርተው ኮራሉን ይቀልቡታል። በአብዛኛው የዓለም ክፍል ውኃው ከበጋው ልክ በ1 ዲግሪ ብቻ አልፎ ለሳምንታት ከቆየ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል፤ ነጭ ይሆናል፤ ሙቀቱ ካልበረደም በረሃብ ይሞታል። ውቅያኖሶች እየሞቁ ሲሄዱ ከመጨረሻዎቹ ተራፊዎች አንዱ የሰሜን ቀይ ባሕር ኮራል ሊሆን ይችላል።

በዜና ላይ «የቀይ ባሕር ኮራል ሙቀት አይፈራም» ሲባል ይሰማል። ይህ የተጋነነ ነው። በ2010 እና በ2015 እ.ኤ.አ. በሳውዲ ዐረቢያ ማዕከላዊ ጠረፍ ብዙ ኮራል ነጥቷል። የሰሜኑም ቢሆን ሙቀትን ቢችል ዘይትን፣ የከተማ ፍሳሽንና የጠረፍ ግንባታን አይችልም። ሴፈር የተባለችው ያረጀች የነዳጅ ማከማቻ መርከብ ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ዘይት ይዛ በየመን ጠረፍ ለዓመታት ያለ ጥገና ቆማ ነበር። ዘይቱ ወደ ሌላ መርከብ ተዛውሮ ያለቀው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት አማካይነት ነው።

በደናክል የሚገኘው ኮራል

ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ የቀይ ባሕር ኮራል ግን አላት። ከ120,000 ዓመታት በፊት ገደማ ባሕሩ ወደ ደናክል ዝቅተኛ ምድር ገብቶ ነበር። በኋላ ከባሕሩ ተቆርጦ ሲደርቅ የኮራሉ ግንብ በዳርቻው ላይ ቀረ፤ ዛሬም በረሃው መካከል ይታያል። በመካከሉ ለተከማቸው ወፍራም የጨው ንጣፍም መነሻው ወደዚያ ይገባ የነበረው የባሕር ውኃ ነው። ከዚህ የአፋር ምድር ተቆርጦ በግመል የሚወጣው ጨው፣ አሞሌ ተብሎ በደገኛው ገበያ ለዘመናት እንደ ገንዘብ አገልግሏል።