የዘማች አያት ሜዳይ በሐረር

የሐረር ጀጎል ግንብ ካሉት አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ በሰሜን በኩል የሚገኘውና ሐረሪዎች አሱም በሪ፣ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ፈላና በር የሚሉት ነው። ከዚህ በር ወደ ውስጥም ሆነ ወደ ውጭ ባሉት ሰፈሮች ከጦሩ ጋር ያልተነካካ ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ከተማይቱ ከ1879 ጀምሮ የምሥራቁ የአገር ጥበቃ መቀመጫ ሆና ስለኖረች፣ ከጣሊያን መባረር በኋላ የሦስተኛ ክፍለ ጦር ጠቅላይ ሰፈር ስለነበረች፣ በ1950 ደግሞ በሕንድ መኮንኖች የሚመራ የጦር አካዳሚ ስለተከፈተባት ነው። ወታደሩ ከየአገሩ መጥቶ እዚህ ቤት ሠርቷል፣ ትዳር ይዟል፣ ልጅ ወልዷል፤ ሲሞትም ከቤት ዕቃው ጋር በጨርቅ የተጠቀለሉ ሜዳዮች ትቶ አልፏል። ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው እነዚህን ሜዳዮችና የልጅ ልጆች ከእነርሱ ተነሥተው የአያታቸውን የዘመቻ ታሪክ ሊያውቁ የሚችሉበትን መንገድ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ይጠቅማል። ኒሻን ማለት ደረጃ ያለው፣ ለሹመትና ለረጅም አገልግሎት ክብር የሚሰጥ የመንግሥት ሽልማት ሲሆን፣ ሜዳይ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዘመቻ ለተካፈለ ወይም አንድ የጀግንነት ሥራ ለፈጸመ ሰው የሚሰጥ ነው። ጥንት ጀግና የሚሸለመው ለምድ፣ ካባ፣ የአንበሳ ጎፈር፣ በወርቅና በብር ያጌጠ ጋሻ ነበረ። ደረት ላይ የሚንጠለጠለው የብረት ምልክት በአውሮፓውያን አሠራር የገባው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ሲሆን፣ የአጼ ዮሐንስ የሰሎሞን ማኅተምና የምኒልክ የኢትዮጵያ ኮከብ ከመጀመሪያዎቹ ይቆጠራሉ። በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ብዙዎቹን ኒሻኖችና ሜዳዮች የሠራው በአዲስ አበባ የነበረው አርመናዊው ጌጥ ሠሪ ሴቫጅያን በመሆኑ፣ የሜዳዩን ጀርባ አገላብጦ የሚያይ ሰው የዚህን ሠሪ ስም በትንንሽ ፊደል ተቀርጾ ሊያገኘው ይችላል፤ ይህም ሜዳዩ በኋላ ዘመን ለገበያ የተሠራ ቅጂ አለመሆኑን ለማወቅ ከሚረዱት ምልክቶች አንዱ ነው።

በሐረር ቤቶች ከሚገኙት ሜዳዮች በዕድሜ ቀደም የሚለው የጣሊያን ወረራ ዘመን ውርስ ነው። ከተማይቱ መጋቢት 20 ቀን 1928 በአውሮፕላን ተደበደበች፣ ሚያዝያ 30 ቀን ደግሞ በኦጋዴን በኩል በመጣው በጣሊያኑ ጄኔራል በግራዚያኒ ጦር ተያዘች፤ ነፃ የወጣችውም መጋቢት 17 ቀን 1933 የማርዳን መተላለፊያ ሰብሮ በመጣው፣ በእንግሊዝ አዛዦች ሥር በነበረው የናይጄሪያ ብርጌድ እጅ ነው። ከድል በኋላ መንግሥት የድል ኮከብን፣ የአርበኝነት ሜዳይንና የስደት ሜዳይን ሰጠ። ከእነዚህ ለወራሹ ብዙ የሚናገረው የአርበኝነት ሜዳይ ነው፤ ሜዳዩ በተሰፋበት ጥብጣብ ላይ የዘንባባ ቅጠል ቅርጽ ያላቸው ትንንሽ የብረት ምልክቶች ይደረጋሉና፣ የዘንባባው ቁጥር አርበኛው በዱር የቆየበትን ዓመት ያመለክታል። ባለ አምስት ዘንባባ ሜዳይ የሚባለው ከወረራው እስከ ነፃነት ለጠላት ሳይገባ የተዋጋ ሰው ሽልማት ነው። የአያቱን ሜዳይ የወረሰ ሰው ዘንባባዎቹን ሳይቆጥር ጥብጣቡን አርጅቷል ብሎ በአዲስ ቢለውጠው፣ ከታሪኩ ዋናውን ክፍል በገዛ እጁ ያጠፋዋል።

እዚህ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ነገር አለ። ጣሊያንም ከአገሬው ሰው ወታደር መልምሎ ነበረ፣ ለእነዚያም ሜዳይ ይሰጥ ነበረ። በሐረርና በአካባቢዋ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አንዱ ወንድም በአርበኝነት፣ ሌላው በባንዳነት ሊገኝ የቻለበት ዘመን ስለነበረ፣ በሣጥን ውስጥ የላቲን ፊደል ያለበት ሜዳይ ያገኘ የልጅ ልጅ አፍሮ መጣል ወይም ደብቆ ማስቀረት የለበትም። ተገዶም ይሁን ወዶ፣ ለደመወዝም ይሁን ነፍሱን ለማትረፍ፣ ያ ሰው የኖረበት ሁኔታ መጠናት የሚገባው የአገር ታሪክ ነው፤ ቤተሰቡ የማይናገረው ከሆነ ደግሞ ሌላ ማንም አይናገረውም።

ከሁሉ ይልቅ ከሐረር ስም ጋር የተሳሰረው ግን የኮርያ ዘመቻ ነው። ቃኘው የተባለው ሻለቃ ጦር ስያሜውን ያገኘው ሐረርን ካስተዳደሩትና የንጉሠ ነገሥቱ አባት ከሆኑት ከራስ መኰንን የፈረስ ስም ሲሆን፣ ራስ መኰንን በጦር ሜዳ የሚጠሩት አባ ቃኘው ተብለው ነው። የመጀመሪያው ቃኘው በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት ሚያዝያ 4 ቀን 1943 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በድሬዳዋ በሚያልፈው ባቡር ወደ ጅቡቲ ወረደ፣ ከዚያም በመርከብ ተሻግሮ ኮርያ ውስጥ ፑሳን ደረሰና በአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተመደበ። እስከ ተኩስ አቁሙ፣ ማለትም እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ድረስ፣ በየዓመቱ የተተካኩት ሦስት ሻለቆች በድምሩ 3,518 ሰው አሰልፈዋል፤ ከ120 በላይ ሞተዋል፣ 536 ቆስለዋል፣ አንድም ሰው ግን አልተማረከባቸውም። ዘማቹ ከክቡር ዘበኛ የተመለመለ ስለነበረ፣ ከዘመቻ መልስ ወደ ሌላ ክፍል የተዛወረም ሆነ በጡረታ ወደ ትውልድ አገሩ የገባ ሜዳዩን ይዞ ሄዷል።

የኮርያ ዘማች ቤት በሚገኘው ሜዳይ ላይ ትንሽ መቆየት ተገቢ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ለኮርያ ያዘጋጀው ሜዳይ ክብና ከነሐስ የተሠራ ሲሆን፣ በፊቱ በኩል በቅጠል የተከበበው የድርጅቱ የዓለም ካርታ አለ፤ ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ እየተፈራረቁ የሚወርዱ 17 ቀጥ ያሉ መስመሮች አሉት፤ በጥብጣቡና በክቡ መካከልም የኮርያን ስም የያዘ የነሐስ ዘንግ ተሸጋግሯል። ሜዳዩ በተዋጊዎቹ አገሮች ልዩ ልዩ ቋንቋዎች የተሠራ በመሆኑ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው በአማርኛ ተጽፎበታል፤ በጀርባውም የድርጅቱን ቻርተር መሠረታዊ ሐሳቦች ለመጠበቅ ለተሰጠ አገልግሎት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አለበት። ስለዚህ የአማርኛ ፊደል ያለበትን ይህን ሜዳይ ያገኘ ሰው ሜዳዩ ለኮርያ ዘማች የተሰጠ መሆኑን መጠራጠር አያስፈልገውም። ከዚህ ጎን የአሜሪካ የብር ኮከብ ወይም የነሐስ ኮከብ ከተገኘ፣ ያ የተለየ የውጊያ ወይም የአገልግሎት ሥራ የሚያመለክት ስለሆነ፣ የሽልማቱን ምክንያት የሚያትት ወረቀት መኖሩን ማሰብና መፈለግ ይገባል።

ከ1952 እስከ 1956 በኮንጎ የተሰለፈው የጠቅል ብርጌድ እንዲሁ በፈረስ ስም፣ በንጉሠ ነገሥቱ በአባ ጠቅል ተሰይሟል፤ ለዚያም የተባበሩት መንግሥታት ሜዳይ አለ። ለሐረር ይበልጥ ቅርብ የሆኑት ግን በደጃፏ የተደረጉት ሁለቱ ጦርነቶች ናቸው። በ1956 በሶማሊያ ድንበር ግጭት ሦስተኛ ክፍለ ጦር በጄኔራል አማን አንዶም ተመርቶ ተዋጋ፤ በ1970 ደግሞ የሶማሊያ ጦር ከጅጅጋ አልፎ ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ሲደርስ ሐረር ለወራት በመድፍ ድምፅ ውስጥ ኖራ፣ በጥር ወራሪው ተመልሶ፣ የካቲት 26 በካራማራ ድል ተደረገ። ደርግ ለዚህ ጦርነት በአዲስ ስምና በአዲስ ምልክት ሜዳዮች አወጣ። ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይ ከተሸለሙት አንዱ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ለ11 ዓመት በሶማሊያ እስር የቆዩት አብራሪ ለገሠ ተፈራ ናቸው።

ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ይህን ያህል ሜዳይ ያለበት ቤት ስለምን ይህን ያህል ዝምታ እንደሞላበት ነው። መልሱ በመንግሥታት መለዋወጥ ላይ ይገኛል። ከ1966 በኋላ የንጉሡ ምስልና ዘውድ ያለበት ሜዳይ ማድረግ የሚያስጠረጥር ሆነ፤ ደርግ ከሰሜን ኮርያ ጋር በመወዳጀቱም በኮርያ መዝመት ከመኩሪያነት ወደ መሸማቀቂያነት ተለወጠ፣ ብዙ ዘማቾችም ሜዳያቸውን ቀበሩ፣ ደበቁ፣ አንዳንዱም ሸጠ። ከ1983 በኋላ ደግሞ ተራው የደርግ ወታደር ሆነ፤ ጦሩ ተበተነ፣ በካራማራ የተዋጋው ሰው ሜዳዩን ከሣጥን ለማውጣት ፈራ። ስለዚህ የሐረር አያት ለልጁ ያልነገረው የሚናገረው አጥቶ አልነበረም፤ የሚናገርበትን ጊዜ አጥቶ ነው እንጂ።

የልጅ ልጁ ሥራ የሚከብደው የኢትዮጵያ ሜዳዮች በአብዛኛው የባለቤቱ ስም ስለማይቀረጽባቸው ነው። እንግሊዞች ለአንደኛው የዓለም ጦርነት በሰጡት ሜዳይ ጠርዝ ላይ የወታደሩን ስም፣ ማዕርግና ቁጥር ስለቀረጹ ከመቶ ዓመት በኋላም ባለቤቱን መለየት ይቻላል፤ በእኛ አገር ግን ሜዳይን ከሰው ጋር የሚያያይዘው አብሮት የተሰጠው ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱ ከጠፋ ብረቱ የዘመቻውን ስም ይነግር ይሆናል፣ የዘማቹን ግን አይነግርም። ሜዳዩን በመስተዋት አስገብቶ ግድግዳ ላይ የሰቀለና ወረቀቱን ከአሮጌ ደረሰኝ ጋር ያቃጠለ ቤተሰብ ከውርሱ ትልቁን ድርሻ አጥቷል።

ወረቀት ሲነበብ የዘመን አቆጣጠሩን ማጣራት ግድ ነው፤ በአማርኛ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ከውጭ የመጣው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ፣ በአንድ ሣጥን ውስጥ 1943 እና 1951 ተጽፈው ቢገኙ ሁለት ዘመቻ ሳይሆኑ አንድ ዓመት ናቸው። ፎቶግራፍም ምስክር ነው፤ በትከሻና በክንድ ላይ ያለው ምልክት ሰውየው አሥር አለቃ ይሁን ሻምበል ይለያል፣ በጀርባው ያለው የፎቶ ቤት ማኅተም ከተማውን ይናገራል። ከዚያ በኋላ የጡረታ መዝገብ፣ ሹመትና ሽልማት ይታተምባቸው የነበሩት ነጋሪት ጋዜጣና አዲስ ዘመን፣ አሮጌ ጋዜጦች የሚገኙበት ወመዘክር፣ የአርበኞች ማኅበርና የኮርያ ዘማቾች ማኅበር ይቀርባሉ። ዕቃውን በተመለከተ ምክሩ አጭር ነው፦ ብረቱ በአመድም ሆነ በሎሚ አይታሽ፣ ጥብጣቡ አይታጠብ፣ ሁሉም በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከእርጥበት ይራቅ፤ ጠገራ ብር ቀልጦ አምባርና አልቦ በሚሆንበት ከተማ ደግሞ የብር ሜዳይ ወደ አንጥረኛ እንዳይደርስ ቤተሰብ ይጠንቀቅ።

በጀጎል ውስጥ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ያቋቋሙት ሙዚየም የከተማይቱን መጻሕፍት፣ ገንዘቦች፣ መሣሪያዎችና አልባሳት ከየቤቱ ሰብስቦ ከመጥፋት አድኗል፤ ለዘማቾች ወረቀትም እንዲህ ያለ ቦታ ቢኖር፣ ቤተሰብ ዋናውን በእጁ አስቀርቶ ቅጂውን ሊሰጥ ይችላል። በአዲስ አበባ አፍንጮ በር አካባቢ የኮርያ ዘማቾች መታሰቢያ፣ በደቡብ ኮርያዋ ቹንቾን ደግሞ የኢትዮጵያውያኑ መታሰቢያ አዳራሽ ቆመዋል፤ የሐረር ልጅ ለእነዚህ የሚያቀርበው ጥያቄ ስምን፣ የአባትን ስም፣ የሻለቃውን ተራ ቁጥርና የዘመቻውን ዓመት የያዘ መሆን ይኖርበታል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አብረው የዘመቱ ሽማግሌዎች ካሉ እነርሱ ይጠየቁ፤ በሕይወት ያሉት የኮርያ ዘማቾች ዕድሜ ዘጠናን ያለፈ ወይም የተቃረበ በመሆኑ፣ ድምፃቸውን መቅዳት መዝገብ ቤት ከመሄድ ይቀድማል።