የኳርተርባክን ብቃት ከአጋሮቹ ነጥሎ መመዘን ይቻላልን?

በአሜሪካ ፉትቦል ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች በእያንዳንዱ የማጥቃት እንቅስቃሴ መጀመሪያ ላይ ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይወስናል። ውሳኔው የእርሱ ቢሆንም ውጤቱ የብቻው አይደለም። አምስቱ የመስመር ተጫዋቾች ተከላካዮቹን ገትተው ጊዜ ካልሰጡት፣ ተቀባዮቹ ከጠባቂዎቻቸው ካላመለጡ፣ አሰልጣኙም ተስማሚ ስልት ካልነደፈ ብርቱ ክንድ ብቻውን ፍሬ አያፈራም። ይሁንና የዓመቱ አኃዝ ሲጠናቀር ያርዱም፣ ታችዳውኑም፣ ድልና ሽንፈቱም ሳይቀር በኳርተርባኩ ስም ይመዘገባል። ክለቦችም በዚህ መዝገብ ተመርተው የብዙ ሚሊዮን ዶላር ውል ይፈርማሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መዝገቡ ስለ ሰውዬው ምን ያህል እንደሚነግረን በአንድ ግልጽ አብነት ማብራራት ነው።

የመለኪያው አሠራር

ብሔራዊው የፉትቦል ሊግ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የሚጠቀምበት የውርወራ ነጥብ ከአራት ምጣኔዎች ይቀመራል፦ የተሳኩ ውርወራዎች በመቶኛ፣ በአንድ ሙከራ የተገኘ አማካይ ያርድ፣ የታችዳውን ምጣኔ እና በተቃራኒ ቡድን የተጠለፉ ውርወራዎች ምጣኔ። የቀመሩ ጣሪያ 158.3 ነው። በአራቱም ውስጥ የሌሎች ሰዎች እጅ አለበት። አምስት ያርድ ብቻ የተወረወረ ኳስ ተቀባዩ ሰባ ያርድ ቢሮጥበት ሰባ አምስቱም ለወርዋሪው ይቆጠራል፤ በትክክል ደርሶ ከተቀባዩ መዳፍ ነጥሮ የተጠለፈ ኳስም የወርዋሪው ጥፋት ሆኖ ይመዘገባል። በአንጻሩ ኳርተርባኩ ኳሱን ሳይወረውር በተከላካዮች የሚጣልባቸው አጋጣሚዎች፣ ማለትም ሳክ የሚባሉት፣ በቀመሩ ውስጥ ጨርሶ አይገቡም።

ያልታቀደ ሙከራ

ተጫዋቾችን በዕጣ ለቡድኖች አድሎ ውጤቱን ማነጻጸር አይቻልም። ሆኖም የኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 ያሳለፋቸው ሦስት የውድድር ዓመታት ለእንዲህ ዓይነቱ ሙከራ የቀረበ አጋጣሚ ፈጥረዋል።

በ2006 ቶም ብሬዲ በ516 ሙከራዎች 3,529 ያርድ፣ 24 ታችዳውን እና 12 የተጠለፉ ውርወራዎች አስመዝግቦ ነጥቡ 87.9 ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ክለቡ ራንዲ ሞስንና ዌስ ዌልከርን የመሳሰሉ ተቀባዮችን አስመጣ። ብሬዲ 50 ታችዳውን ወረወረ፤ ከእነዚህ ውስጥ 23ቱን የተቀበለው ሞስ ብቻውን ነበር። የተጠለፉበት ወደ 8 ወረዱ፣ ነጥቡ ወደ 117.2 አሻቀበ፣ ቡድኑም የመደበኛውን ውድድር 16 ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። በ2008 የመክፈቻ ጨዋታ ግን ብሬዲ ጉልበቱ ላይ ጉዳት ደርሶበት ከዓመቱ ውድድር ውጭ ሆነ። የተካው ማት ካስል ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወዲህ በቋሚነት ጨዋታ ጀምሮ የማያውቅ ተጠባባቂ ነበር። እርሱም በአጋጣሚ በዚያው ቁጥር፣ በ516 ሙከራዎች፣ 3,693 ያርድ፣ 21 ታችዳውን እና 11 የተጠለፉ አስመዝግቦ 89.4 ነጥብ አገኘ። ቡድኑ 11 ጊዜ አሸንፎ 5 ጊዜ ተሸነፈ።

ከእነዚህ አኃዞች ሁለት የሚቃረኑ የሚመስሉ ድምዳሜዎች ይወጣሉ። የ2006ቱን ብሬዲ ከ2008ቱ ካስል ጋር ያስተያየ ሰው ሁለቱን እኩያ ይላቸዋል። የ2007ቱን ከ2008ቱ ጋር ያነጻጸረ ግን በአመዛኙ ተመሳሳይ በሆኑ አጋሮች መካከል የ27.8 ነጥብ ልዩነት ያገኛል። ቅራኔው የሚፈታው ልዩ ልዩ ነገሮች መለወጣቸውን ስናስተውል ነው፤ በመጀመሪያው ንጽጽር ሰውዬውም አጋሮቹም ተለውጠዋል፣ በሁለተኛው ግን በዋነኛነት የተለወጠው ሰውዬው ነው። ብሬዲ ራሱ ከ2006 ወደ 2007 ያሳየው የ29.3 ነጥብ ጭማሪም የአጋሮች ለውጥ ከኳርተርባክ ለውጥ የማይተናነስ ክብደት ሊኖረው እንደሚችል ያመለክታል።

የካስል ቀጣይ ታሪክ ትምህርቱን ያጠናክራል። በ2009 ወደ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ተዛውሮ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የስድስት ዓመት ውል ተፈራረመ። ክለቡ በዚያው ዓመት ዝነኛውን ተቀባይ ቶኒ ጎንዛሌዝን ለአትላንታ አሳልፎ ሰጥቶ ነበር። የካስል ነጥብ ወደ 69.9 አሽቆለቆለ፤ ታችዳውኑም የተጠለፈበትም እኩል 16 ሆኑ፣ ቡድኑም 12 ጊዜ ተሸነፈ። በ2010 ግን በዚያው ክለብ፣ ሯጩ ጃማል ቻርልስ 1,467 ያርድ በሮጠበት ዓመት፣ 27 ታችዳውን በ7 የተጠለፉ አስመዝግቦ ነጥቡ 93.0 ሆነ። እንግዲህ 2008ን ብቻ ያየ ገዢ ብዙ ይከፍላል፤ 2009ን ብቻ ያየም ፈጥኖ ያሰናብታል።

ለአጋሮች ተብሎ የሚሰጥ ይቅርታ ወሰን

አጋሮችን ከግምት ማስገባት ኳርተርባኩን ከጥፋት ሁሉ ነጻ ማውጣት አይደለም። ሳክ ብዙውን ጊዜ የመስመር ተጫዋቾቹ ድክመት ተደርጎ ይወሰዳል። ነገር ግን ብሬዲ በ2007 የተጣለው 21 ጊዜ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ያው የመስመር ተጫዋቾች የጠበቁት ካስል በ2008 የተጣለው 47 ጊዜ ነው። ኳሱን ለረጅም ጊዜ ይዞ የሚቆም ኳርተርባክ ጠንካራውን መስመር ደካማ ያስመስለዋል። ተጽዕኖው የሚፈሰው በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ አጋሮች ኳርተርባኩን እንደሚሠሩት ሁሉ እርሱም አጋሮቹን ይሠራል።

የስታቲስቲክስ መፍትሔዎችና ገደባቸው

የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በሚጠበቅ ነጥብ ለክተው፣ ውጤቱን በባለብዙ እርከን ሞዴል ለወርዋሪ፣ ለተቀባይና ለቡድን የሚያከፋፍል ዘዴ አቅርበዋል። የዘዴው ጥቅም ጥቂት መረጃ ያለውን ተጫዋች ግምት ወደ አማካዩ በመሳብ አንድ መልካም ወር ብቻ ያሳለፈ ሰው ኮከብ እንዳይመስል ማድረጉ ነው። መሠረታዊው ችግር ግን ይቀራል፤ አንድ ወርዋሪና አንድ ተቀባይ ሁልጊዜ አብረው ከተጫወቱ የትኛው ሞዴልም ቢሆን ድርሻቸውን ከመረጃው ብቻ ሊለይ አይችልም። ለመለየት የሚያስችለን መለያየታቸው ነው፦ ጉዳት፣ ዝውውር፣ ጡረታ። በተጫዋቾች ትከሻ መከላከያ ውስጥ የሚቀመጡት መከታተያዎች ተቀባዩ ከጠባቂው ምን ያህል እንደራቀ ያሳያሉ፤ ነገር ግን ያ ርቀት ራሱ ኳሱ በሰዓቱ በመለቀቁ ላይ የተመሠረተ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ አብነት ሦስት የምዘና መርሆዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የአንድ ዓመት አኃዝ የሰውዬውና የአካባቢው ድምር እንጂ የሰውዬው ባሕርይ አይደለም። ሁለተኛ፣ ከማነጻጸር በፊት ምን ተለወጠ፣ ምንስ ባለበት ቆየ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሦስተኛ፣ ድርሻን መለየት በማይቻልበት ቦታ አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር ከመስጠት ይልቅ የግምቱን ስፋት መግለጽ ታማኝነት ነው። መምህርን በተማሪዎቹ ውጤት፣ ሐኪምን በታካሚዎቹ መዳን፣ ሥራ አስኪያጅን በድርጅቱ ትርፍ የሚመዝን ጥናት ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ ይጋፈጣል። ኳርተርባኩ የሚለየው በየሳምንቱ በአደባባይ ስለሚመዘንና መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ብቻ ነው፤ ለዘዴው ተማሪዎችም ምቹ መለማመጃ የሚያደርገው ይኸው ነው።