ጆሮ የለመደው ድምፅ

አንድ ሽማግሌ ልጃቸውን ለመጠየቅ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ መጡ። የልጃቸውም ቤት ከከተማው በስተ ምሥራቅ፣ በገርጂ፣ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነበረ። ማታ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ሳለ አንድ አውሮፕላን እያገሣ ከጣራው በላይ አለፈ። ሽማግሌው ደንግጠው ከመቀመጫቸው ተነሡ። የልጅ ልጃቸው ግን መጽሐፉን ያነብ ነበርና ቀና እንኳ አላለም።

«አንተ ልጅ፣ ይህ ድምፅ አያስደነግጥህምን?» አሉት።

ልጁም «አባባ፣ የትኛውን ድምፅ ነው የሚሉት?» ብሎ መለሰ።

የልጁ ጆሮ አልደነቆረም፤ ድመቱ በቀስታ ብትጮህ ይሰማት ነበር። የሰው አእምሮ ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ ሊያስብ አይችልም። ስለዚህ አዲስ ነገር በመጣ ጊዜ «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ ይመረምራል። ያው ነገር አደጋ ሳያመጣ ሲደጋገም ግን ንቆ ይተወዋል። የሰውን አሳብና ጠባይ የሚመረምረው ትምህርት ሥነ ልቡና ይባላል፤ ሊቃውንቱም ይህን ነገር መልመድ ይሉታል። መልመድ ባይኖር ኖሮ በመገናኛ የሚያልፍ ሰው የመኪናውን ጥሩምባና የነጋዴውን ጩኸት ሁሉ ሲያዳምጥ መንገዱን በሳተ ነበር።

ነገር ግን ሰው አንድን ነገር ስለ ለመደው ብቻ ጉዳቱ አይቀርለትም። በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ በ1984 ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1992፣ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ተዘግቶ አዲሱ በሌላ ስፍራ ተከፈተ። ሊቃውንትም በሁለቱ አጠገብ የሚኖሩትን ልጆች መረመሩ። በአዲሱ ማረፊያ አጠገብ ያሉት በንባብና የተማሩትን በማስታወስ ደከሙ። በአሮጌው አጠገብ ያሉት ግን ጩኸቱ ከቀረላቸው በኋላ ተሻሻሉ። ጆሮ የተወውን ድምፅ አእምሮ ተሸክሞት ኖሯል።

ሐሰትም እንዲሁ ነው። ልጅ መጀመሪያ ሲዋሽ ልቡ ይደነግጣል፤ ፊቱም ይለወጣል። ሁለተኛ ሲዋሽ ድንጋጤው ይቀንሳል፤ በዐሥረኛው ምንም አይሰማውም። ስለማይሰማውም የማይጎዳው ይመስለዋል። ነገር ግን ወላጆቹና ጓደኞቹ እርሱን ማመን ይተዋሉ፤ እውነት በተናገረ ቀን እንኳ የሚሰማው አያገኝም።

ስለዚህ ሰው የለመደውን ነገር «አይሰማኝም» ብሎ መተው አይገባውም። «ይጠቅመኛልን? ወይስ ይጎዳኛል?» ብሎ በየጊዜው ሊመረምረው ይገባል።