የፎም አውሮፕላናችን ለምን አልበር አለች?

ሰሞኑን የካምፓችን ታዳጊዎች ዕቃ ታሽጎበት የመጣ ነጭ ፎም እየለቀሙ አውሮፕላን ሲቀርጹ አይተናል። «ሞተር ብንገጥምላት ትበራለች?» ብለውም ጠይቀውናል። መብረሩንስ ትበራለች። እኛም ካርቱም፣ ጀብራ ሠፈር ሳለን በ2013 ዓ.ም. ይህንኑ ሞክረን ብዙ ገንዘብና ብዙ እንቅልፍ አጥተንበታል። ስለዚህ የደረሰብንን ሳንደብቅ ልንጽፍላችሁ ወደድን። የአቪዬሽን ሰዎች አይደለንም፤ አንዳችን ሞባይል ጠጋኝ፣ አንዳችን አናጢ፣ አንዳችን ደግሞ የሪክሻ ሾፌር ነበርን።

ጀብራ ውስጥ ፎም ችግር አልነበረም። ፍሪጅና ቴሌቪዥን የሚሸጡ ሱቆች ማታ ማታ ካርቶኑንና ሱዳኖች «ፍሊን» የሚሉትን ፎም በር ላይ ይጥሉታል። እንደ ፈንዲሻ የሚረግፈው ዓይነት ለክንፍ አይሆንም፤ ጠንከር ብሎ የተጠቀጠቀውን ነው መምረጥ። ክንፉን ርዝመቱን 1 ሜትር፣ ወርዱን 20 ሳንቲ ሜትር አድርገን ቆረጥነውና ውስጡ የቀርከሃ ዘንግ ቀበርንበት። ጫፎቹን ወደ ላይ ትንሽ ቀና አደረግናቸው፤ እንዲህ ካልሆነ በጅራት ብቻ እጥፍ እያለች አትዞርም።

የመጀመሪያው ኪሳራ የማጣበቂያው ነው። ጫማ ሰፊ የሚጠቀምበትን ማስቲሽ ቀባንበት። ፎሙ ዓይናችን እያየ ሻይ ውስጥ እንደገባ ስኳር ሟሟ! ሱፐር ግሉም ያው ነው፣ ይበላዋል። የሚሆነው ነጩ የእንጨት ኮላ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ማሳደር ይፈልጋል እንጂ ፎሙን አይነካም።

ሞተሩ፣ ባትሪው፣ ሪሞቱና ሰርቮ የሚባሉት ጅራቱን የሚያንቀሳቅሱ ባለ 9 ግራም ትንንሽ ሞተሮች ከዱባይ በሰው ሻንጣ ነው የመጡልን። የተከፈለውም ከመካከላችን የትልቁ የዕቁብ ዕጣ ነበር፤ ወደ አገር ቤት ሊላክ የታሰበ ገንዘብ። ይህንን ለእናቱ እስከ ዛሬ አልነገራቸውም። ለዚህ ነው «ይቅር፣ እንተወው» ለማለት ያቃተን።

አንድ ዓርብ ማለዳ ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ወረወርናት። አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ ተነሣች፣ አየር ላይ ቆም አለች፣ ከዚያ በጅራቷ ወርዳ አፈር ላይ ተተከለች። ጠግነን ደገምናት፤ ያው። «ሞተሩ አቅም የለውም» ብለን ተስማማንና ከዚያው ሞተር ላይ ተለቅ ያለ ውልብልቢት ገጠምን። ይባስ ብሎ ሞተሩ እጅ እስኪያቃጥል ጋለ፤ ውልብልቢት ሲተልቅ ሞተሩ ከባትሪ የሚስበው ኃይል ይጨምራልና። እሷ ግን እንደ በፊቱ ወደቀች። ሁለት ሳምንት ሙሉ የጨቀጨቅነው ስለ ሞተሩ ነበር።

ያዳነን አናጢው ነው። ብድግ አደረጋትና ክንፏን ከሥር በሁለት ጣቶቹ ጫፍ ደገፋት። ጅራቷ ዝቅ አለ። «ይቺ ሞተር አይደለም የጎደላት፣ ሚዛን ነው» አለን። እውነትም ባትሪውን ቦታ ስላመቸን ብቻ ከክንፉ በስተኋላ ሸጉጠነው ነበር። እንዲህ ዓይነቷ አውሮፕላን መመዛዘን ያለባት ከክንፉ የፊት ጠርዝ አንስቶ የወርዱ ሩብ እስከ ሲሶ ድረስ ባለው ቦታ ላይ ነው። ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። አፍንጫዋ ትንሽ ቢከብድ እንደ ሰነፍ በሬ ትጎተታለች እንጂ ትታዘዛለች። ጅራቷ ከከበደ ግን አፍንጫዋ ሽቅብ ይሄዳል፤ ክንፏ አየሩን መያዝ ሲያቅተው በሪሞት ብትለምኗትም አትመለስም። ባትሪውን ወደ አፍንጫዋ አምጥተን ስንወረውራት፣ ያ «ደካማ» ያልነው ሞተር ሜዳውን ሁለት ጊዜ አዞራት። የጮኽነውን ጩኸት የሠፈሩ ሰው ጠብ የተነሣ መስሎት ወጣ።

በዚያ በኪሳራው ሰሞን የምናወራው ስለ አስመላሽ ዘፈሩ ነበር። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የጤና ባለሙያ ሆኖ ሳለ ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ ተምሮ፣ የሱዙኪ ሞተር ገጥሞ፣ ሰው የምትጭን አውሮፕላን ሠራ። ስሟን ኬ-570ኤ አላት፤ ኬ ለእናቱ ለኪሮስ፣ 570 ደግሞ ሥራው ለፈጀው ቀን። በ2007 ዓ.ም. ሱሉልታ ላይ ሲሞክራት ከውልብልቢቱ በኩል በደረሰ ብልሽት አልተነሣችም፤ እሱ ግን ሥራውን አልተወም። ስለ ፀሐይም እናወራ ነበር፤ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው አውሮፕላን። ያን ጊዜ እሷም እንደኛ በሰው አገር፣ ጣሊያን ሙዚየም ውስጥ ነበረች። ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።

ወደ ጀብራ እንመለስ። ሚዛኗ ከተስተካከለ በኋላ ኃይል ስንሰጣት ወደ ግራ መጋደል አመጣች። ይህ የውልብልቢቱ ሽክርክሪት የሚያመጣው ነው፤ እሱ ወደ ቀኝ ሲዞር አካሏን ወደ ግራ ይገፋዋል። በሞተሩ መቀመጫ በግራ በኩል ባሉት ብሎኖች ሥር ቀጫጭን ሮንዴላ አስገብተን ሞተሩ ትንሽ ወደ ቀኝ እንዲያይ አደረግን፣ ቀና አለች። ውልብልቢቱ ወደ ኋላ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ከሞተሩ ሦስት ሽቦዎች ሁለቱን ማለዋወጥ ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

ሚያዝያ ሲገባ የካርቱም ፀሐይ መጣ። ጊዜ ለመቆጠብ ብለን ሞተሩን የያዘውን ኮምፔንሳቶ በሽጉጥ በሚቀልጠው ኮላ አጣብቀነው ነበርና፣ ሪክሻው ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆይታ ስትነሣ ኮላው ለስልሶ ሞተሩ አየር ላይ ተነቅሎ በሽቦው ተንጠለጠለ። በዚያ አገር ሙቀት እንዲህ ያለውን ቦታ ማሰር እንጂ ማጣበቅ አያዋጣም።

አሁን ዋናውን እንናገር። ከጀብራ ብዙ ሳይርቅ ሸጀራ የሚባል የታንክ ጦር ሰፈር አለ። ጊዜው ደግሞ በአልፋሽቃ ድንበር ምክንያት በሁለቱ አገሮች መካከል ውጥረት የነገሠበት ነበር። ይህን እያወቅን አንድ ቀን በራሪዋ ሪሞቱን አልሰማም ብላ ቀጥ ብላ ሄደች። ሪክሻ አስነሥተን ስንከተላት አንድ ግቢ ውስጥ ወድቃ አገኘናት። ሰዎች ተሰብስበዋል። «ካሜራው የት አለ? ማን ላካችሁ?» የስደተኛ መታወቂያችን ተሰብስቦ ለሦስት ሰዓት ያህል በማናውቀው ሰው እጅ ቆየ። አውሮፕላኗን በቢላ ተርትረው ሲያዩ ከባትሪና ከሽቦ በቀር ምንም የለባትም። በመጨረሻ አንድ ሐጅ የምንላቸው ሱዳናዊ ጎረቤታችን ተጠርተው መጡና «እነዚህን ልጆች አውቃቸዋለሁ፣ በየዓርቡ ስትወድቅባቸው የማየው እኔ ነኝ» ብለው መሰከሩልን። መውደቃችን ምስክር ሆነን ማለት ነው።

በኋላ ስንመረምረው ጥፋቱ የኛው ነበር። የሪሲቨሩ አንቴና ከባትሪው ሥር ታጥፎ ተጨፍልቋል። ከመልቀቃችን በፊት በሪሞቱ የርቀት መፈተሻ አንድ ሰው ራቅ ብሎ እየሄደ ጅራቷ ይታዘዝ እንደሆነ ማየት ነበረብን፣ አላየንም። ከዚህም የከፋው፣ ሪሲቨሩ ሪሞቱን ሲያጣ ሞተሩን እንዲያጠፋ አስቀድሞ ሊሞላ ይችላል፤ እኛ አልሞላነውም። ብናደርገው ኖሮ እዚያው ሜዳው ላይ ትወድቅ ነበር።

ስለ ባትሪውም ካላልን ጥፋት ይሆናል። ይህ የሊትየም ባትሪ ሦስት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል ከ4.2 ቮልት በላይ አይሞላም፣ ከ3.3 ቮልት በታችም ባይወርድ ይመረጣል። በራሱ ቻርጀር እንጂ በሌላ አይሞላም፣ ሲሞላም ጥሎት አይኬድም። ያበጠ ወይም የተቀጠቀጠ ባትሪ በድንገት በእሳት ይያያዛል፤ እሳቱም በቀላሉ አይጠፋም። ቤታችን ሸራና ላስቲክ መሆኑን አስቡ።

ለታዳጊዎቹ ጥያቄ የሰጠነው መልስ ስለዚህ እንዲህ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ካርቱም ላይ ከተነሣ ወዲህ እዚያ ሰማይ ላይ የሚጮህ ትንሽ ሞተር ምን እንደሚያመጣ ያየ ሰው እዚህ ካምፕ ውስጥ ብዙ ነው። ባለፈው ወር የውሃ ፓምፕ ሲነሣ አንዲት እናት ልጇን ይዛ አልጋ ሥር ስትገባ ያዩ ጎረቤቶች ነግረውናል። በዚህ ሰው መካከል የሚያጉረመርም ነገር አናስነሣም። የካምፑ አስተዳደር ፈቅዶ፣ ሜዳውም ከቤቶች ርቆ፣ ለሰዉም አስቀድሞ ተነግሮ ከሆነ ያኔ እንነጋገራለን።

እስከዚያው ሞተር የሌላት እንሥራ ብለን ባለፈው ቅዳሜ ከስምንት ልጆች ጋር ጀምረናል። ክንፏ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 12 ነው፤ አፍንጫዋ ላይ ሁለት ሚስማር በፕላስተር አሥረናል። ከክንፉ የፊት ጠርዝ 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገባ ብለን ደግፈን አየናት። ከጉብታው ላይ ሲወረውሯት የመጀመሪያዋ 9 እርምጃ፣ የመጨረሻዋ 31 እርምጃ ሄደች። አሁንም ጅራቷ ትንሽ ይከብዳታል፤ ሦስተኛ ሚስማር ያለው ሰው ያምጣልን።