ኪታሮ፦ ከመቃብር የወጣው የልጆች ወዳጅ

በማታ ብቻዎን ሲሄዱ ከኋላዎ የእንጨት ጫማ ኮቴ ቢሰሙ፣ ዞር ሲሉ ደግሞ ማንንም ባያዩ፣ በጃፓን መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከመንገዱ ዳር ቆም ብለው «ቤቶቤቶ ሳን፣ እባክዎ ይለፉ» ማለት ብቻ ነው። ኮቴው አልፎዎት ይሄዳል። ሠዓሊው ሺጌሩ ሚዙኪ ይህን መልክ የሌለው ኮቴ በወረቀት ላይ ሲያኖሩት ክብ ገላ፣ ሁለት እግርና ፊቱን የሞላ ፈገግታ ሰጡት። ቤተሰብ አብሮ የሚያነበው የጭራቅ ኮሚክ ምን ዓይነት እንደሆነ ለጠየቀኝ ሰው መጀመሪያ የማሳየው ይህን ሥዕል ነው።

ጃፓኖች እንዲህ ያሉትን ፍጥረታት ዮካይ ይሏቸዋል። አንዳንዱ ክፉ፣ አንዳንዱ ተንኮለኛ ነው፤ ሌላው ደግሞ ከሰው ጋር ጠብ የሌለው፣ የራሱን ኑሮ የሚኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 የተወለዱት ሚዙኪ ዮካዮቹን ያወቁት ባደጉባት የወደብ ከተማ በሳካይሚናቶ፣ ኖንኖንባ ከሚሏቸው አሮጊት አንደበት ነው። በጣሪያው ላይ የሚታየው እድፍ ከየት መጣ? ሰው ሲተኛ ጣሪያ የሚልስ ዮካይ የተወው ምልክት ነው። እኛ «ዝም በል፣ ጭራቅ ይበላሃል» እየተባልን ላደግነው ልዩነቱ ወዲያው ይገባናል። የኛው ጭራቅ የሚመጣው ልጁን ዝም ለማሰኘት ነው፤ የኖንኖንባ ዮካዮች ግን ልጁ የማይገባውን ነገር ስምና ምክንያት ሰጥተው ጭራሽ ሌላ ጥያቄ ያስጠይቁታል።

ሚዙኪ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዛሬ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ወደምትባለው አገር፣ ወደ ራባውል ተላኩ። ወባ ጣላቸው፤ በአየር ድብደባም ግራ እጃቸውን አጡ። አገራቸው ተመልሰው በቀራቸው እጅ እየሳሉ ለመኖር የጀመሩት ለመንገድ ቴአትር ነበር። ተራኪው በብስክሌት እየዞረ፣ ለልጆች ከረሜላ እየሸጠ፣ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ሥዕሎችን እያፈራረቀ ታሪክ የሚያወራበት ሥራ ነው። የኮሚካቸው ባለታሪክ ኪታሮም የመጣው ከዚያው ነው። መነሻው በ1930ዎቹ የነበረ የመንገድ ቴአትር ታሪክ ሲሆን፣ ሚዙኪ በ1954 የራሳቸው አደረጉት፤ በ1960 ደግሞ በኪራይ ለሚነበቡ መጻሕፍት የተሳለ ኮሚክ ሆነ።

ያ ኪታሮ ለልጅ የሚሰጥ አልነበረም። የመናፍስት ነገድ የመጨረሻው ትውልድ ነው፤ ከሞተች እናቱ መቃብር እየዳኸ ይወጣል፤ አንድ ዓይን የለውም። አባቱ በበሽታ ሞቶ አካሉ በስብሷል። ሆኖም አባት ልጁን ጥሎ መሄድ አልቻለምና አንዱ ዓይኑ ከአስከሬኑ ወድቆ እጅና እግር ያወጣል፤ ልጁንም ያሳድጋል። ይህ ጣት የሚያህል አባት በልጁ ፀጉር ውስጥ እየኖረ ይመክረዋል፤ ደስ ሲለው ደግሞ ሙቅ ውኃ በተሞላ የሻይ ኩባያ ውስጥ ገላውን ይታጠባል። ሥዕሉን ልብ ብለው ይዩት፦ በኩባያው አፍ ላይ ሁለት ቀጫጭን ክንዶች፣ በመካከላቸው ትልቅ ዓይን ብቻ። ሐሳቡ ዘግናኝ ነው፤ የሚታየው ግን ደክሞት የሚያርፍ አባት ነው።

በ1965 ታሪኩ ሾነን ማጋዚን ወደሚባለው የልጆች ሳምንታዊ መጽሔት ገባ። ወደ ቴሌቪዥን ሊሻገር ሲል «የመቃብሩ ኪታሮ» የሚለው ርዕስ ማስታወቂያ አስነጋሪዎቹን አስፈራ። በ1967 «ጌጌጌ ኖ ኪታሮ» ተባለ፤ ጌጌ የሚዙኪ የልጅነት ቅጽል ስም ነበር። በጥር 1968 የካርቱን ፊልሙ መታየት ጀመረ። ኪታሮም በሰውና በዮካይ መካከል ቆሞ ሁለቱን የሚያስታርቅ፣ ሰውን ከክፉዎቹ የሚከላከል ልጅ ሆነ።

ጨለማው ግን አልተነሣም፤ የሚዙኪ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ገጸ ባሕርያቱን በጥቂት መስመር ይስሏቸዋል፤ ጫካውን፣ አሮጌውን ቤትና የመቃብሩን ድንጋይ ግን ነጥብ በነጥብ፣ ፎቶግራፍ እስኪመስል ድረስ። ልጁ በእውነተኛ ሌሊት ውስጥ ከወዳጆቹ ጋር ይሄዳል ማለት ነው። ከወዳጆቹ አንዱ ኑሪካቤ በማታ መንገደኛን የሚዘጋ ግድግዳ ነው። በጥንቱ ተረት የታችኛውን ክፍል በዱላ ከመቱት ይጠፋል፤ በኮሚኩ ደግሞ ዓይንና እግር አብቅሎ ከኪታሮ ጎን ይሰለፋል።

እኔ ከሁሉም የምወደው ግን ኔዙሚ ኦቶኮን ነው። ግማሽ ሰው፣ ግማሽ ዮካይ የሆነው ይህ አይጥ መሳይ ሰውዬ ገላ መታጠብ አይወድም፤ ገንዘብ ካየ ደግሞ ኪታሮን ሳይቀር ይሸጣል። ተመልሶ ይመጣል፤ እንደገና ይከዳል። በብዙ የልጆች መጽሐፍ ውስጥ ጥሩውና ክፉው እንደ ዘይትና ውኃ ተለያይተው ይቀመጣሉ። እዚህ ግን ክፋቱ ከጓደኞች መካከል የሚወጣ ነው፤ ልጅ በትምህርት ቤቱ ግቢ የሚያየውም ይህንኑ ነው።

ሚዙኪ በኖንኖንባ ስም የሠሩት መጽሐፍ በ2007 በፈረንሳዩ የአንጉሌም የኮሚክ ፌስቲቫል የምርጥ አልበም ሽልማት ሲያገኝ ከጃፓን ኮሚኮች የመጀመሪያው ነበር። ሳካይሚናቶ ደግሞ በ1993 በባቡር ጣቢያዋ አጠገብ 23 የዮካይ የነሐስ ሐውልቶችን አቆመች፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው ከ170 አልፏል። ሚዙኪ በ2015 በ93 ዓመታቸው ዐረፉ።

በእንግሊዝኛ ማንበብ ለሚችሉ ልጆች የሞንትሪያሉ አሳታሚ ድሮውን ኤንድ ኳርተርሊ ከ2016 ጀምሮ ታሪኮቹን በትንንሽ መጻሕፍት አሳትሟል። የመጀመሪያው መጽሐፍ የመቃብሩን ልደት ስለሚተርክ ትንሽ ልጅ ያለዎት ወላጅ ከሁለተኛው ይጀምሩ፤ የመጀመሪያውን ግን ለልጁ ብቻውን አይስጡት፣ አብራችሁ ተቀምጣችሁ አንብቡት።