ዶሮ ጭራ ጭራ… የዞተርሜር ጓሮና የአንድ እንቁላል ዋጋ

ሁዳዴ ሊፈታ ሲቃረብ በዞተርሜር፣ በዴን ሃግና በሮተርዳም በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል አንድ ወሬ ይነሣል። «ከሱቅ የምንገዛው የፈረንጅ ዶሮ ወጡ አይጥምም፤ እንቁላሉም አስኳሉ ገርጥቷል፤ ለምን በየጓሯችን ሦስት ሦስት ዶሮ አናረባም?» የሚል። ከመካከላችን ወሬውን ወደ ተግባር የለወጡ አሉ። ለእነሱም፣ ገና ላሰቡትም ይጠቅማል ብለን ሒሳቡን ከነመዘዙ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ገንዘቡን እንቁጠር። ዋጋ ከሻጭ ሻጭ ስለሚለያይ መካከለኛውን ይዘናል። እንቁላል ልትጀምር የደረሰች ቄብ በ15 ዩሮ ብትገዛ፣ ሦስቱ 45 ዩሮ ናቸው። ቆጥና መጣያ ያለው፣ በሽቦ የታጠረ የዶሮ ቤት 300 ዩሮ ይሁን። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ትበላለች፤ ሦስቱ በዓመት 131 ኪሎ ይፈጃሉ ማለት ነው። የ20 ኪሎው ከረጢት 15 ዩሮ ቢሆን የዓመቱ መኖ 99 ዩሮ ነው። ለሰጋቱራ፣ ለቅርፊት ማጠንከሪያ፣ ለትልና ለቅንቅን መድኃኒት 60 ዩሮ እንጨምር። ቤቱ አምስት ዓመት፣ ዶሮዎቹ ሦስት ዓመት ያገለግላሉ ብንል በየዓመቱ 75 ዩሮ ይደርሳቸዋል። ድምሩ 234 ዩሮ ነው። እያንዳንዷ በዓመት 250 እንቁላል ብትሰጠን 750 እናገኛለን። አንዱ እንቁላል 31 ሳንቲም ወጣበት ማለት ነው። አሥር እንቁላል በ3 ዩሮ ገደማ ከሚሸጥበት ሱቅ ምን ተለየ? ጽዳቱን፣ በክረምት ብርድ ጠዋት መነሣቱን፣ ለእረፍት ስንሄድ ጠባቂ መለመኑን አልቆጠርንም። ዶሮዋ ከሁለተኛ ዓመቷ በኋላ እንቁላሏን እንደምትቀንስም አልቆጠርንም።

እንግዲህ «ትርፉስ ይቅር፣ ዕዳ አይኑርበት እንጂ» የሚል ይኖራል። ወደ ሕጉ እንምጣ። አገር ቤት ዶሮ የምታድገው በትራፊ ነው፤ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የሽሮ ጥራጊ፣ ከሰፌድ የወደቀ ጥሬ። እዚህ ግን ወጥ ቤት የገባ ትራፊ ለዶሮ መስጠት በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተከለከለ ነው፤ ክልከላው የጓሮ ዶሮንም ይጨምራል። ምክንያት የሌለው ጭካኔ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ከእንግሊዝ ተነሥቶ ኔዘርላንድስ ድረስ የዘለቀው የአፍተግር ወረርሽኝ መነሻው በሚገባ ያልተቀቀለ ትራፊ ለአሳማ መመገቡ እንደሆነ ተደርሶበታል። አውራ ዶሮም ሌላ ጣጣ ነው። ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዘ ቤት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የሚጮህ አውራ ዶሮ ከጎረቤት ያጣላል።

ከዚያም የወፍ ጉንፋን አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 በዚህ አገር በተነሣው ወረርሽኝ ከ30 ሚሊዮን በላይ ዶሮዎችና ሌሎች ወፎች እንዲወገዱ ተደርጓል፤ አንድ የእንስሳት ሐኪምም በበሽታው ሞቷል። ከ2021 መኸር ወዲህም በሽታው ደጋግሞ ተመልሷል። አደጋው ሲበረታ መንግሥት የንግድ ዶሮዎች ከቤት እንዳይወጡ፣ የጓሮ ዶሮዎችም ከዱር ወፎች እንዲጋረዱ ያዝዛል። ስሙ «ጣፋጭ ሐይቅ» ማለት በሆነው፣ በየሰፈሩ ቦይና ኩሬ በሞላበት ዞተርሜር ደግሞ ዳክዬና ዝይ በየደጁ ነው።

ዋናው ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 የኔዘርላንድስ ብሔራዊ የሕዝብ ጤናና አካባቢ ተቋም፣ በአጭር ስሙ አር አይ ቪ ኤም፣ በመላ አገሪቱ የጓሮ ዶሮ እንቁላል እንዳይበላ መከረ። ምክንያቱ ፒፋስ የሚባሉት ኬሚካሎች ናቸው። ምግብ በማያስይዝ መጥበሻ፣ በዝናብ ልብስ፣ በእሳት ማጥፊያ አረፋና በሌላም ብዙ ዕቃ ውስጥ የገቡ፣ ተፈጥሮ ማፍረስ የተሳናት ኬሚካሎች ናቸው። ሰውነት ውስጥ ይከማቻሉ፤ በሽታ የመከላከል አቅምንም ሊያዳክሙ ይችላሉ። እንቁላሉን መቀቀልም ሆነ መጥበስ አያስወግዳቸውም። በዶርድሬክት ባለው የኬሚካል ፋብሪካ ዙሪያ ለሚኖሩ ተመሳሳይ ምክር የተሰጠው ቀደም ብሎ ነበር፤ በ2025 የተረጋገጠው ግን ነገሩ የአንድ ፋብሪካ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ነው። የሱቁ እንቁላል ችግሩ እምብዛም የለበትም። የጓሮዋ ዶሮ ግን ቀኑን ሙሉ አፈር ትጭራለች፣ ትል ትለቅማለች፤ አፈሩ ውስጥ ያለው እንቁላሉ ውስጥ ይገባል። አባቶቻችን «ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» ያሉት ይኸው ደረሰ።

ለእኛ ይህ ምክር ከባድ ነው። ለልጆቻችን ንጹሕ ምግብ ብለን የሰጠነው ይኸው እንቁላል ነውና። ሆኖም አንድ ነገር ልናስተውል ይገባል። የዚህ አገር የመንግሥት ተቋም አፈሩን ከለለ አላለም፤ እንቁላሉን ሰብስቦ መረመረ፣ ያገኘውንም የሚያስከፋ ቢሆን ለባለ ዶሮው ነገረ። እንግዲህ እንጠይቅ፦ በተበከለው በአቃቂ ወንዝ ዳር፣ በቆሼ ቆሻሻ ክምር አጠገብ የምትጭረዋን ዶሮ እንቁላል መርምሮ ውጤቱን ለእናቲቱ የሚነግራት ማን ነው?

አገር ቤት ያለው ሒሳብ ደግሞ ሌላ ነው። በሁለት ሺህ ዓ.ም. መባቻ በአሥራዎች ብር ይገዛ የነበረ የበዓል ዶሮ ዛሬ በአዲስ አበባ ከሺህ ብር በላይ ይጠየቅበታል። መንግሥት በ2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» ብሎ እያንዳንዱ ቤተሰብ ዶሮ እንዲያረባ ቀሰቀሰ። ሐሳቡን አንነቅፍም። ነገር ግን ዶሮ በመፈክር አትጠግብም። ከርቢው ወጪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው መኖ ነው፤ መኖውም በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ ፋጉሎና ፉርሽካ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚገባው የመኖ ቅመምና መድኃኒትም አብሮ ናረ። ቢሾፍቱ የሚመረተው የፈንግል ክትባት ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ ገጠር መድረስ አለበት፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነት ባለበት በአማራ ክልል መንገድ ሲዘጋ ክትባቱም መኖውም አብረው ይቀራሉ። ፈንግል የገባበት መንደር ደግሞ ቆጡ በቀናት ውስጥ ባዶ ይሆናል።

ስለዚህ ለወገኖቻችን የምንለው ይህ ነው። በኔዘርላንድስ ዶሮ ማርባት የወደደ ያርባ፤ ለልጅ ጥሩ ትምህርት ነው፣ ለስደተኛም ናፍቆት ያስታግሣል። እንቁላሉን ግን፣ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች፣ ከሱቅ ግዙ። ለአገር ቤት ዶሮ መግዣ ስትልኩም የዶሮዋን ዋጋ ብቻ አትላኩ፤ የሦስት ወር መኖና የክትባቱን ጭምር አስቡበት። ያለዚያ የላካችሁት ለሁለት ሳምንት ደስታ ነው። ከሁሉም በላይ ግን አገራችን አፈሯን የሚመረምርና ያገኘውን የማይደብቅ ተቋም እንዲኖራት አጥብቀን እንጠይቅ። ይህ ጥያቄ እንደ ምርጫና እንደ እስረኞች መፈታት ሁሉ የፖለቲካ ጥያቄ ነው፤ በየቀኑ ከሕዝቡ ገበታ ላይ የሚቀርብ ነውና።