«ቀስ በል» የሚለው ማን ነው?

ከናይሮቢ ወደ ናኩሩ በሚበር ማታቱ፣ ማለትም የኬንያ ሚኒባስ ታክሲ፣ ውስጥ ተሳፍረዋል እንበል። ወደ ስምጥ ሸለቆ በሚወርደው ቁልቁለት ሾፌሩ ኩርባ ላይ ከባድ መኪና ደርቦ ለማለፍ ይወጣል። አጠገብዎ ያሉት እናት የፊት ወንበሩን ብረት ጨብጠው ጣታቸው ነጥቷል። ከኋላ አንድ ወጣት ስልኩን ይነካካል። «ኧረ ቀስ በል!» የሚል ግን የለም።

ፍርሃት ብቻ አይመስለኝም። እያንዳንዱ ተሳፋሪ የሌላውን ፊት እያየ ያሰላል፦ «አደገኛ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው በተናገረ ነበር።» ሌላውም የእሱን ዝምታ አይቶ ያንኑ ይደመድማል። እ.ኤ.አ. በ1968 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ቢብ ላታኔና ጆን ዳርሊ መጠይቅ የሚሞሉ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ጭስ ለቀቁ። ብቻቸውን ከነበሩት 75 በመቶው ወጥተው ተናገሩ። ዝም እንዲሉ አስቀድሞ ከተነገራቸው ሁለት ሰዎች ጋር ከተቀመጡት ግን የተናገሩት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ጭሱን በእጃቸው እያራገቡ መጠይቃቸውን ሞሉ።

ኬንያ መጀመሪያ መፍትሔውን ከሞተሩ ፈልጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ጆን ሚቹኪ ማታቱዎች ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ እንዳይሄዱ የሚገድብ መሣሪያ አስገጠሙ። መሣሪያውን መነካካት ግን ለጋራዥ ሰው ከባድ አልነበረም።

የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ጄምስ ሃቢያሪማናና ዊልያም ጃክ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመሩት ሙከራ ፊቱን ወደ ተሳፋሪው አዞረ። ከናይሮቢ ረጅም መንገድ ከሚሠሩ ማታቱዎች በዕጣ በተመረጡት ውስጥ «ሾፌሩ ሲያብድ ዝም አትበሉ» የሚል መንፈስ ያላቸው ስቲከሮች ተለጠፉ። አንዳንዶቹ የሚዘገንን ሥዕል ነበራቸው። ሾፌሮች ገንጥለው እንዳይጥሏቸው፣ ስቲከሩን ጠብቀው ለተገኙት ሳምንታዊ የሽልማት ዕጣ ይወጣላቸው ነበር። የእነዚህ መኪኖች የመድን ካሳ ጥያቄ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ቀነሰ። በኋላ «ዙሻ!» በሚል ስም ከ10,000 በላይ ተሽከርካሪዎች ላይ ሲሞከር ቅነሳው ከሩብ እስከ ሲሶ ሆነ። ቁጥሩ ቢያንስም እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ይኼኛው ነው፤ ትንሽ ሙከራ ያጋለውን ጉጉት ትልቅ ሙከራ ያበርደዋል።

ፍጥነት እንደሚገድል ተሳፋሪው ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ታዲያ ስቲከሩ ምን ጨመረ? በእኔ ግምት መልሱ ይኼ ነው፦ ስቲከር በተለጠፈበት ማታቱ ውስጥ ብቀመጥ፣ እናቲቱም ያንኑ ጽሑፍ ሲያነቡ አያለሁ፤ እሳቸውም እኔ ሳነብ ያዩኛል። ብናገር «ምን አገባህ» የሚለኝ እንደሚያንስ አውቃለሁ።

«ፖሌ ፖሌ!» ይላሉ እናቲቱ፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ። ወጣቱ ከስልኩ ቀና ይላል፦ «ፖሌ ፖሌ፣ ዴሬ!» ቀስ በል፣ ሾፌር!